ቻይኖች ወንበርን ለምን «መደገፊያ» አሉት?

ቻይንኛ መማር የጀመረ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ዪዝ» የሚለውን ቃል ያገኛል። ወንበር ማለት ነው። መምህሩ የወንበሩን ጀርባ መታ መታ ያደርግና «ዪዝ» ይላል። ክፍሉ ይደግማል። ከዚያ ወደ ጠረጴዛ፣ ወደ በር፣ ወደ መስኮት ይታለፋል።

እኔም እንዲሁ ነው ያለፍኩት። ከወራት በኋላ ግን መዝገበ ቃላት ውስጥ ሌላ ነገር ስፈልግ፣ ይኸው ፊደል ሌላ ትርጉም ይዞ ጠበቀኝ። በመጀመሪያ የወንበር ስም አልነበረም። የዛፍ ስም ነበር። «ወንበር ከእንጨት ስለሚሠራ ይሆናላ» ብዬ መጽሐፉን ልከድነው ነበር። ደግነቱ አልከደንኩትም። ዛፉና ወንበሩ በትርጉም ምንም ዝምድና የላቸውም። የተገናኙት በአጻጻፍ ብቻ ነው፤ እሱም ተቃውሞ ገጥሞታል።

ይህን አንድ ቃል መፍታት ማለት ቻይኖች ከመሬት ተነስተው ወንበር ላይ እንዴት እንደወጡ መከተል ማለት ነው። ረጅም ጉዞ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ፊደሉን እንየው። «ዪ» የሚጻፈው በአሥራ ሁለት ጭረት ነው። በግራ በኩል አራት ጭረት ያለው «እንጨት» የሚል ምልክት አለ፦ አንድ አግድም ቅርንጫፍ፣ አንድ ቀጥ ያለ ግንድ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወርዱ ሁለት ጭረቶች። ዛፍ ሳሉ ቢባሉ ልጆች የሚስሉት ዓይነት ነው። በቀኝ በኩል ስምንት ጭረት ያለው ሌላ ምልክት አለ። እሱ ለብቻው ሲቆም «ቺ» ይባላል፤ እንግዳ፣ አስገራሚ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። «እንጨት» እና «አስገራሚ» ሲደመሩ «አስገራሚ እንጨት» ይሆናሉ፣ ወንበር ማለት ያ ነው ብሎ ይደሰታል። ለማስታወስ ይጠቅም ይሆናል፤ ታሪኩ ግን ያ አይደለም። አብዛኛው የቻይንኛ ፊደል በሁለት ክፍል የተሠራ ነው። አንዱ ክፍል ቃሉ ከየትኛው ዘር እንደሆነ ይጠቁማል፦ ከእንጨት፣ ከውኃ፣ ከሰው፣ ከብረት። ሌላው ክፍል ድምፁን ይጠቁማል። በወንበሩ ፊደል ውስጥ «አስገራሚ» የሚለው የገባው ለድምፅ ብቻ ነው። ዛሬ «ቺ» እና «ዪ» ሲሰሙ ይራራቃሉ። ፊደሉ ሲፈጠር ግን ድምፃቸው ይቀራረብ ነበር።

አሁን ድምፅ ሰጪውን እንዳለ እንተውና በግራ ያለውን እንጨት አንስተን በቦታው የሰው ምልክት እናስገባ። ሌላ ፊደል ይወጣል። ንባቡ እንደ ወንበሩ ያው «ዪ» ነው፤ ዝቅ ብሎ ተመልሶ የሚነሳው የድምፅ ቅኝት ሳይቀር አንድ ነው። ትርጉሙ መደገፍ፣ መንተራስ፣ ጀርባን ወይም ክንድን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ነው። የወንበር ስም የተወለደው ከዚህ ነው። ቻይኖች መጀመሪያ ወንበርን የጻፉት በሰው ምልክት ነበር። «መደገፊያ» ማለታቸው ነው።

«ዝ» የምትለዋ መጨረሻስ? እሷ ለብቻዋ ስትጻፍ «ልጅ» ማለት ናት። ከጊዜ ብዛት ግን ትርጉሟ ደበዘዘና ስም ማሳረፊያ ቅጥያ ሆነች። ጠረጴዛ «ጁዎዝ»፣ በርጩማ «ደንግዝ»፣ ቁም ሳጥን «ጉይዝ» ይባላል። ሁሉም ጭራ ላይ ያቺው ልጅ አለች። ስትነበብም ድምፅዋ ላላ፣ አጠር ይላል።

እኛ ይህን ዕቃ የሰየምነው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ወንበር የግዕዙ «መንበር» ነው፤ ሥሩ «ነበረ»፣ ማለትም ተቀመጠ። መንበር መቀመጫ ነው። ስለዚህ በእኛ ቃል ውስጥ ያለው መቀመጥ ነው፣ በቻይኖቹ ቃል ውስጥ ያለው መደገፍ። ለምን? መልሱ ወንበር ከመምጣቱ በፊት በነበረው ኑሮ ውስጥ ነው። ቻይኖች መቀመጥን ከጥንት ያውቁ ነበር፣ ብዙ ሕግም አውጥተውለት ነበር። አዲሱ ዕቃ ይዞ የመጣው አዲስ ነገር ለጀርባ የሚሆን መደገፊያ ነበር።

የጥንቱ አቀማመጥ ይህን ይመስል ነበር። ወለሉ ላይ ሰሌን ይነጠፋል። ሰውየው ጫማውን አውልቆ ይገባል። ጉልበቱን ሰሌኑ ላይ አጥፎ፣ መቀመጫውን ተረከዙ ላይ አሳርፎ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ይቀመጣል። «መቀመጥ» የሚለው ፊደል ራሱ ይህን ዘመን ይዞ ቀርቷል፤ ሁለት ትናንሽ «ሰው» የሚሉ ምልክቶች «አፈር» የሚል ምልክት ላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። መሬት ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች። ዛሬም ቻይናውያን «ወንበር ላይ ተቀመጥ» ብለው ሲጽፉ የሚጽፉት ይህንኑ ነው። ሁለቱ ሰዎች ግን አሁንም አፈሩ ላይ ናቸው።

ሰሌን ቀላል ነገር አልነበረም። የሥርዓት መጻሕፍት እንደሚሉት ንጉሠ ነገሥቱ አምስት ድርብ ሰሌን ይነጠፍለታል፤ መሳፍንት ሦስት፤ ከእነሱ በታች ያሉት ሹማምንት ሁለት። ማን ስንት ሰሌን ላይ እንደተቀመጠ አይቶ የሰውየውን ማዕረግ ማወቅ ይቻል ነበር። ስለ ኮንፊሺየስ ደግሞ ሰሌኑ ቀጥ ብሎ ካልተነጠፈ አይቀመጥም ነበር ተብሎ ተጽፏል። እግርን ዘርግቶ ወይም ከፍቶ መቀመጥ ትልቅ ነውር ነበር። ለዚያ አቀማመጥ የተለየ ስም ነበረው፣ እህል ከሚያበጥሩበት አፈ ሰፊ ዕቃ ቅርጽ ጋር የተመሳሰለ። የጥንቱ ሱሪ ከመሃሉ ያልተሰፋ ስለነበር ነውሩ ተራ ወግ አጥባቂነት ብቻ አልነበረም።

ጓን ኒንግ የሚባል ምሁር ነበር፣ ከ158 እስከ 241 የኖረ። ከሃምሳ ዓመት በላይ አንድ ዝቅተኛ የእንጨት መደብ ላይ ሲቀመጥ አንድም ቀን እግሩን ዘርግቶ አያውቅም ይባላል። ጉልበቱ የሚያርፍበት የእንጨቱ ቦታ ተቦርቡሮ ቀዳዳ ወጣው። እኔ ስለዚያ ዘመን ካነበብኩት ሁሉ ይቺ ትበልጥብኛለች። እስቲ አስቡት፦ እንጨት ላይ ሁለት ጉድጓድ፣ በሁለት ጉልበት የተቆፈረ። እንዲህ ለሚቀመጥ ሰው «መደገፊያ» ምን ያህል አዲስ ሐሳብ እንደሆነ ከዚህ ይገባል።

ሰሌኑ ከቤቱ ወለል ከተነሳ ብዙ ዘመን ሆነው። ከቋንቋው ግን አልተነሳም። ሰሌን በቻይንኛ «ሺ» ይባላል። ስብሰባ ላይ መገኘት «ቹሺ» ነው፤ ወደ ሰሌን መውጣት እንደ ማለት። መቅረት «ቹዌሺ» ነው፤ ሰሌን መጉደል። ትልቅ ግብዣ «ያንሺ» ይባላል፤ ከታች የሚነጠፈውና ከላይ የሚደረበው የሁለቱ ሰሌን ስም አንድ ላይ ተጣምሮ። ከሁሉም የሚገርመው «ጁሺ» ነው፤ «ዋና ሰሌን» ማለት። ማኦ ዜዱንግን በቻይንኛ የሚጠሩት «ማኦ ጁሺ» ብለው ነው። እኛ ደግሞ «ሊቀመንበር ማኦ» እንል ነበር። በ1960ዎቹና 70ዎቹ የነበሩ ተማሪዎቻችን ይህን ስም ስንት ጊዜ ጠርተውታል! የእኛ ቃል መንበር ላይ አስቀመጠው፣ የራሱ ቋንቋ ግን ሰሌን ላይ ነበር ያስቀመጠው።

በሰሌን ዘመን የነበሩት ሌሎች ዕቃዎችም ለዚያው ኑሮ የተመጠኑ ነበሩ። ምግብ የሚቀርበው «አን» በሚባል አጫጭር እግር ባለው ትሪ ላይ ነበር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ። ቻይናውያን ስለሚከባበሩ ባልና ሚስት ሲያወሩ «አኑን እስከ ቅንድብ አነሳች» የሚል አባባል አላቸው። መንግ ጓንግ የምትባል ሴት ለባሏ ለሊያንግ ሆንግ እራት ስታቀርብ፣ ቀና ብላ ላለማየት ትሪውን ከቅንድቧ እኩል ከፍ አድርጋ ትሰጠው ነበር። ይህ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የዛሬ ልጅ ይህን ሲሰማ «ጠረጴዛ እንዴት ይነሳል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም «አን» በኋላ ትልቅ የጽሕፈት ወይም የሥራ ጠረጴዛ ማለት ሆኗል። ያኔ ግን ቀላል ትሪ ነበር። ኋላ የሹም ወረቀት የሚቀመጥበት ጠረጴዛም በዚሁ ስም ስለተጠራ ቃሉ ወደ መዝገብ ቤት ገባ፤ ዛሬ የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ ዕቅድ፣ የማኅደር ሰነድ፣ የጥያቄ መልስ፣ ሁሉም በስማቸው ውስጥ «አን» አለ።

አሁን ከመሬት እንነሳ።

የመጀመሪያው እንግዳ ወንበር አልነበረም። ተጣጣፊ በርጩማ ነበር። ሁለት የእንጨት ፍሬሞች መሃል ለመሃል ይጠላለፋሉ፣ ከላይ ገመድ ወይም ጨርቅ ይወጠራል። ሲታጠፍ በትከሻ ይያዛል። ስሙ «ሁቹዋንግ» ነበር። «ሁ» ቻይኖች ከሰሜንና ከምዕራብ ያሉትን ሕዝቦች የሚጠሩበት ስም ነው። «ቹዋንግ» ዛሬ አልጋ ማለት ነው፤ ያኔ ግን የሚተኛበትንም የሚቀመጡበትንም ይጠቀልል ነበር። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእኛም አልጋ መተኛ ብቻ አልነበረም፤ «አልጋ ወራሽ» የምንለው ዙፋን የሚወርሰውን ነው።

ከ168 እስከ 189 የነገሠው የሃን ንጉሠ ነገሥት ሊንግ የእነዚህን ሕዝቦች ነገር ሁሉ ይወድ ነበር። ልብሳቸውን፣ ድንኳናቸውን፣ ሙዚቃቸውን፣ በርጩማቸውንም። የታሪክ ጸሐፊዎቹ አልወደዱለትም፤ እንደ መጥፎ ምልክት ነው የመዘገቡት። በርጩማው ግን ጦር ሜዳ ላይ ተፈላጊ ሆነ። በ211 ጻዎ ጻዎ የተባለው ታዋቂ የጦር መሪ ወንዝ ሲያሻግር ጠላት ሲደርስበት፣ ሁቹዋንግ ላይ እንደተቀመጠ አልነሳም ብሎ ነበር። ሰዎቹ ተሯሩጠው ጀልባ ውስጥ አስገቡት።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልጨምር። ከ604 እስከ 618 የነገሠው የስዊ ንጉሠ ነገሥት ያንግ «ሁ» የሚለውን ቃል መስማት አይፈልግም ነበር። ስለዚህ «ሁቹዋንግ» ተቀይሮ «ጂያዎቹዋንግ» ተባለ፤ የተጠላለፈ መቀመጫ። በዚያው ዘመቻ «የሁ ቅል» ይባል የነበረው ኪያርም «ቢጫ ቅል» ተባለ። ኪያር ዛሬም ቻይና ውስጥ በዚህ ስም ነው የሚሸጠው፣ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ። የበርጩማው ስም ደግሞ ኋላ መደገፊያ ሲጨመርለት «ጂያዎዪ» ሆነ፤ የሚጠላለፍ መደገፊያ። ከዚህ የወጣ አነጋገር አለ፦ አንድ ሰው በሙያው ወይም በቡድኑ ቁንጮ ሲሆን «የመጀመሪያውን ጂያዎዪ ያዘ» ይባላል። እኛ «ወንበሩን ያዘ» ስንል ብዙም አንርቅም።

ይሁን እንጂ በርጩማ ጀርባ የለውም። ጀርባ ያለው መቀመጫ በሌላ በር ነው የመጣው፤ በቡድሂዝም በር። መነኮሳቱ ለረጅም ሰዓት ተመስጦ የሚቀመጡበት ሰፊ መቀመጫ ነበራቸው። መቀመጫው በገመድ የተሸመነ ስለሆነ «የገመድ አልጋ» ይሉት ነበር። ጎቢ በረሃ ዳር ዱንሁዋንግ በሚባለው ቦታ፣ በሞጋዎ ዋሻዎች ውስጥ፣ 285 ቁጥር በተሰጠው ዋሻ ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ መቀመጫ ላይ ያለ መነኩሴ ተስሏል። በዋሻው ውስጥ ከተጻፉት ቀኖች ሥዕሉ በ538 እና 539 አካባቢ እንደተሠራ ይታወቃል። መቀመጫው የኋላ መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ አለው። መነኩሴው ግን እግሩን አላወረደም። ወንበሩ ላይ ወጥቶም እንደ ወለል ተቀምጧል፤ እግሩን አጥፎ። ሰውነት ልማዱን ቶሎ አይለቅም።

እግር የወረደው በታንግ ዘመን ነው። በ1955 ሺያን አካባቢ በ756 የሞተ የጋዎ ዩዋንጉይ የተባለ ሹም መቃብር ተገኘ። ግድግዳው ላይ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተስሏል። ወንበሩ ወፍራም ነው፣ የቤት ምሰሶ ነው የሚመስለው። አናጢው ገና ሥራውን እየለመደ እንደሆነ ያስታውቃል፤ የሚያውቀው ቤት መሥራት ስለሆነ ወንበሩንም እንደ ቤት አቆመው። እግረ መንገዴን ለመናገር ያህል፣ የቻይና ወንበር ብዙ ዘመን በዚህ መንገድ ነው የተሠራው፦ አራት ምሰሶ፣ አግዳሚ፣ መገጣጠሚያ፣ ያለ ምስማር።

ቃሉስ? ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርት አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ነው። ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ጂዩዋን በሚባል ቦታ፣ የወንዝ አምላክ የሚመለክበት ቤተ መቅደስ አለ። በ797 የቤተ መቅደሱ ዕቃ ተቆጥሮ ድንጋይ ላይ ተቀረጸ። ስንት ሳህን፣ ስንት ሰሌን፣ ስንት ምን። ከዝርዝሩ መሃል አንድ መስመር እንዲህ ይላል፦ የገመድ አልጋ አሥር፣ ከእነሱ ውስጥ አራቱ «ዪዝ»።

ይህን መስመር ቀስ ብላችሁ ተመልከቱት። ቆጣሪው ሰውዬ ፊቱ አሥር መቀመጫ አለ። የሁሉም ስም «የገመድ አልጋ» ነው። ግን አራቱ ከሌሎቹ ይለያሉ፤ መደገፊያ አላቸው። ዝርዝሩ ትክክል እንዲሆን መለየት አለበት። ስለዚህ «አራቱ መደገፊያዎች ናቸው» ብሎ ጻፈ። የሚታየውን ነው የጻፈው። የንብረት ቆጠራ እንጂ ቅኔ አይደለም። ከጊዜ በኋላ «የገመድ አልጋ» የሚለው ጠቅላላ ስም ተረሳ። ያቺ መለያ ብቻ ቀረችና የዕቃው ስም ሆነች።

አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ኤንኒን የሚባል ጃፓናዊ መነኩሴ ወደ ቻይና መጣ። በየቀኑ ያየውን ይጽፍ ነበር። በ838 ያንግጆ ከተማ ውስጥ ባለሥልጣናት «ዪዝ» ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ እንዳየ ጽፏል። ማስታወሻው ውስጥ ማስገባቱ ራሱ ነገሩ ለእሱ አዲስ እንደነበረ ይናገራል።

ወንበር ከመጣ ጠረጴዛ መከተሉ አይቀርም። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው መሬት ላይ ካለ ትሪ እንዴት ይበላል? ከፍ ያለ ገበታ ተሠራ። ስሙንም «ጁዎ» አሉት፤ ከፍ ያለ፣ ጎልቶ የቆመ ማለት ነው። እዚህም ስሙ አዲሱን ነገር ነው የያዘው። ወንበሩን መደገፊያው፣ ጠረጴዛውን ከፍታው ሰየመው። የእኛ ጠረጴዛ ሥሩ የግሪክኛው «ትራፔዛ» ነው፤ ባለ አራት እግር ማለት። ግሪኮቹ እግሩን ቆጠሩ፣ ቻይኖቹ ቁመቱን ለኩ።

በዚህ ጊዜ ነው ሰው ከፊደሉ የወጣው። ወንበር ሲበዛ፣ በየቤቱ ሲገባ፣ ጸሐፊዎች «ይሄ የእንጨት ዕቃ ነው፣ ለምን በሰው ምልክት እንጽፈዋለን?» ማለት ጀመሩ። የሰው ምልክቱን አንስተው እንጨት አስገቡ። ጠረጴዛውም ላይ እንጨት ጨመሩበት። ችግሩ ግን «እንጨት» እና ያ ድምፅ ሰጪ አንድ ላይ ሲጻፉ የሚሰጡት ፊደል ቀድሞ ባለቤት ነበረው። የዛፍ ስም ነበር፤ በምሥራቅ እስያ የሚበቅል፣ ቀያይ ፍሬ በዘለላ የሚያንጠለጥል ዛፍ። በጥንታዊው የቻይና የግጥም መድበል ውስጥ ለክር መሣሪያ መሥሪያ ከሚተከሉ ዛፎች ጋር ተዘርዝሮ ይገኛል። ንባቡም በቅኝት ይለያል፤ ዛፉ ሲጠራ ድምፁ ሳይወርድ ከፍ ብሎ ይዘልቃል።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ሁዋንግ ቻዎዪንግ የተባለ ሊቅ ይህን አይቶ ተቆጣ። የዘመኑ ሰዎች ሁለቱንም ቃላት በእንጨት ምልክት መጻፋቸው ምንም ትርጉም የለውም አለ። የመጀመሪያው የዛፍ ስም ነው፣ ሁለተኛው የጀልባ መቅዘፊያ ነው። ሰው የሚደገፈው «ዪ» ነው፣ ከፊቱ ከፍ ብሎ የሚቆመው «ጁዎ» ነው፤ በዚያው ይጻፍ አለ። በእርግጥ ልክ ነበር። የቃሉን አመጣጥ በሁለት መስመር እንዲህ ጥርት አድርጎ ያስቀመጠልን እሱ ነው። ግን ማንም አልሰማውም። የእንጨቱ አጻጻፍ አሸነፈ። ጠረጴዛውም በኋላ ከእንጨት ጋር ተጨምቆ አዲስ ፊደል ወጣለት። ዛፉን ዛሬ የሚያነሳው የጥንት ግጥም የሚያጠና ሰውና የዕፅዋት ባለሙያ ብቻ ነው።

ከሊቁ ዘመን አንድ ጠረጴዛ ተርፎልናል። በ1108 ቢጫው ወንዝ ሞልቶ ጁሉ የምትባል ከተማን ከነቤቷ ደለል ውስጥ ቀበራት። ዛሬ ሄቤይ ክፍለ ሀገር ውስጥ ናት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰዎች ሲቆፍሩ አንድ የእንጨት ጠረጴዛና አንድ ወንበር አገኙ። ሁለቱም አሁን ናንጂንግ ሙዚየም አሉ። ጠረጴዛው ላይ በቀለም የተጻፈ አለ፦ በ1104 እንደተሠራ፣ አንድ ዓይነት «ጁዎዝ» ሁለት እንደሆኑ። የቤተ መንግሥት ዕቃ አይደለም። ተራ የከተማ ሰው አንድ ጥንድ ጠረጴዛ አሠርቶ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደበት። ጥንዱ አልተገኘም።

ይህ ማለት ግን ሁሉም በአንድ ቀን ወንበር ላይ ወጣ ማለት አይደለም። ከ1125 እስከ 1210 የኖረው ገጣሚ ሉ ዮ ከሰው የሰማውን ሲጽፍ፣ ቀደም ባለው ጊዜ የደህና ቤተሰብ ሴቶች ወንበር ወይም በርጩማ ላይ ከተቀመጡ ሥርዓት የላቸውም ተብለው ይሳቅባቸው ነበር ይላል። ወንዱ እግሩን አውርዶ ሻይ ሲጠጣ፣ እሷ አሁንም ታጥፋ እንድትቀመጥ ይጠበቅ ነበር። እንዲያም ሆኖ በ1099 በተሠራ፣ ሄናን ውስጥ ባይሻ በሚባል ቦታ በተገኘ መቃብር ግድግዳ ላይ ባልና ሚስት በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ፣ ሁለቱም ወንበር ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ወግና ኑሮ እኩል አይራመዱም።

ከዚያ በኋላ የተለወጠው ብዙ ነው። የየብቻ ትሪ ቀርቶ ቤተሰቡ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከአንድ ሳህን መብላት ጀመረ። ዛሬ «የቻይና አበላል» የምንለው፣ መሃል ላይ ብዙ ሳህን ደርድሮ ሁሉም ከሁሉም የሚቀምስበት፣ ያለ ወንበርና ያለ ከፍ ያለ ጠረጴዛ አይታሰብም። ማዕረግም ከሰሌኑ ብዛት ወደ ወንበሩ ዓይነት ተሻገረ። የሹም ባርኔጣ የሚመስል ጀርባ ያለው ወንበር ተሠራ፣ ክብ ጀርባ ያለውም ተሠራ፤ የሁሉም ስም ጭራው ላይ ያው «ዪ» አለ።

ጃፓን ታሪኩን በሌላ መንገድ አቆየችው። ቃሉን ከቻይና ሁለት ጊዜ ወሰደችው። መጀመሪያ በቤተ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ሆኖ ገባ፣ «ኢሺ» ተብሎ። ሲጻፍም በጥንቱ አጻጻፍ ነው፣ በሰው ምልክት። ቆይቶ በዜን መነኮሳት በኩል «ኢሱ» ተብሎ ተመለሰ፣ በእንጨት ምልክት። ዛሬ ቶኪዮ ውስጥ ወንበር ስትገዙ የሚሸጥላችሁ «ኢሱ» ነው። ሁዋንግ ቻዎዪንግ የተከራከረለት ፊደል ግን የድሮው የጃፓን ቤተ መንግሥት መቀመጫ ስም ላይ ሰውየውን እንደያዘ አለ።

ቻይንኛ ለምትማሩ አንድ የመጨረሻ ነገር። በቻይንኛ «ሁለት ወንበር» ብሎ ዝም አይባልም። በቁጥሩና በዕቃው መሃል መቁጠሪያ ቃል መግባት አለበት፣ እኛ «ሁለት ራስ ሽንኩርት» እንደምንለው። ለጠረጴዛ «ጃንግ» ይባላል፤ ለተዘረጋ ጠፍጣፋ ነገር፣ ለወረቀት፣ ለሰሌንም የሚሆን። ለወንበር ግን «ባ» ነው። «ባ» በእጅ ጨብጠው ለሚይዙት ነገር ነው፦ ለቢላዋ፣ ለጃንጥላ፣ ለቁልፍ። ጀማሪ ሁሉ «ወንበር ከቢላዋ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም ጠይቄያለሁ። መምህሯ መልስ አልሰጠችኝም። ወደ ወንበሬ መጣች፣ የኋላ መደገፊያውን በአንድ እጇ ጨበጠች፣ ከወለሉ ብድግ አደረገችው። ቀጥላ ጥግ ላይ ወዳለው በርጩማ ሄዳ እጇን ከላዩ አየር ላይ ዘጋች። የሚጨበጥ ነገር የለውም። ለበርጩማ አብዛኛውን ጊዜ «ባ» አይባልም።